የአባቶቻችን ጨዋታና የልጆቻችን ጨዋታ



እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስልክ ሲነካካ የተገኘ ወጣት ይቀጣ ወይስ አይቀጣ የሚለው ነበር። ክርክሩ ጦፎ፣ አንዳንዶቻችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ሳይቋጭ ለመጪው ጉባኤ አደረ። ከስብሰባው ስንወጣ አንድ የሰፈራችን ጎልማሳ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ለመሆኑ እናንተ በእኛ ዕድሜ ትርፍ ጊዜያችሁን በምን ነበር የምታሳልፉት?» ብሎ ጠየቀኝ። መንገድ ላይ የመለስሁለት መልስ አጭርና የማያረካ ስለነበረ ቀሪውን በዚህ መጽሔት ልጨርሰው አሰብሁ።

የታሪክ ምሁር አይደለሁም። በጣና ዳር ተወልጄ፣ በዚህ ከተማ ተምሬና ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከአባቴ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን አንድ ላይ አድርጌ አቀርባለሁ። ከመፍረዳችን በፊት ታሪኩን ማየቱ አይከፋምና እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ።

በአባቶቻችን ዘመን

በአባቶቻችን ዘመን ዕረፍት በሰዓት አይለካም ነበር። ሥራና ጨዋታን የሚለየው የበዓላቱ ቀንና የእርሻው ወቅት ነው። በሰንበትና በታላላቅ በዓላት በሬ አይጠመድም፤ ወፍጮ አይፈጭም። አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ ደግሞ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ ያለው ጊዜ የሠርግና የፈንጠዝያ ወቅት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨዋታ የራሱ ቀን ነበረው። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲመጣ ልጆች ጅራፍ ገምደው ያጮሁታል፣ በየደጁም እየዞሩ ይጨፍራሉ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ የጎጃም ልጃገረዶች እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን የገና ጨዋታ ነው፤ በጥምቀት ፈረስ ይጋለባል፤ ሁዳዴ ሲገባ ማሲንቆው ተሰቅሎ በገናው ይወርዳል። ከቀኑ ውጪ የሚጫወት ሰው «ምን ሆነ?» ይባል ነበር።

የገናን ጨዋታ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከጫካ ይቆረጣል፤ ሩሩ ከእንጨት ወይም ከጠፍር ይሠራል፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰው ሜዳ ላይ ይገጥማል። ዳኛ በፊሽካ የሚያስቆመው ጨዋታ ስላልነበረ እግርና ክንድ ይሰበር ነበር። የሚያስደንቀው ግን፣ በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል መሆናቸው ነው። ሎሌው የጌታውን ቁርጭምጭሚት ቢመታ ጌታው መቆጣት ነውር ነበር። ማታ ደግሞ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲሰድብ ያመሻል። አባቴ በግራ እግሩ ቅልጥም ላይ አንድ ጠባሳ ነበረው። ከየት እንዳመጣው ስንጠይቀው ስቆ «ከገና» ይል ነበር እንጂ የመቺውን ስም ነግሮን አያውቅም።

ገበጣ ደግሞ የሁሉም ነበር። እረኛው መሬት ቆፍሮ በጠጠር ይጫወተዋል፤ ባለጸጋው እንጨት አስፈልፍሎ በፍሬ ይጫወተዋል። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ሰዎች ከጉድጓድ ጉድጓድ የሚሄደውን ጠጠር ሳያነሡ በዓይናቸው ብቻ ቆጥረው የት እንደሚያልቅ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ለእነርሱ ትምህርት ቤታቸው እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊው ሔንሪ ሶልት፣ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እጅግ ይወዱ እንደነበር ጽፏል። የእኛ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለይበት ነገር አለው። በመጀመሪያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ወረራው ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ነው በተራ የሚጫወቱት። በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ሁሉ «ፈረሱን አንሣ! ፊሉን መልስ!» እያለ ይመክራል፤ ማንም ዝም በሉ አይልም። አሸናፊነቱም ደረጃ አለው። ንጉሡን በኃይለኞቹ በደርና በፈረስ መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፤ በደካማው መያዝ ነው የሚያስጨበጭበው። በአውሮፓ ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ንግሥት የምትባለዋን ኃይለኛ ሲያደርጓት፣ በእኛ ዘንድ ግን በቦታዋ ያለው ፈርዝ እንደ ጥንቱ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ እየሄደ ኖረ።

እዚሁ ሐይቃችን ዳር ደግሞ ዋናና የደንገል ታንኳ እሽቅድምድም የልጅ ጨዋታ ነበር። ሽማግሌዎችም የራሳቸው መዝናኛ ነበራቸው። ስንቅ ቋጥረው፣ አህያ ጭነው ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወርዱና ሰንብተው ይመለሳሉ። ስሙ ለሕመም ነው። ነገር ግን አባቴ ከወንዛዬ ሲመለስ ከጉልበቱ መዳን ይልቅ ያወራን የነበረው እዚያ ስላገኘው ሰውና ስለሰማው ወግ ነበር። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ካለ ደግሞ ማታ ማታ በእሳት ዙሪያ ሰምና ወርቁን እየፈታ ያስቀናል። ለልጆችም እንቆቅልሽ አለ፤ መመለስ ያቃተው አገር ሰጥቶ ይገላገላል።

ሴቶችን እንዳንረሳ

ይህን ሁሉ ስናወሳ አንድ እውነት መደበቅ የለብንም። እስካሁን የዘረዘርሁት አብዛኛው የወንድ ጨዋታ ነው። እናቶቻችን ተቀምጠው ሲያወጉ እንኳ እጃቸው አይቦዝንም ነበር፤ ወይ እንዝርት ወይ ስፌት ይዘዋል። የእነርሱ መዝናኛ ከሥራቸው ጋር የተሰፋ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት በአንድ ወቅት «የኔ ትርፍ ጊዜ ቡናው እስኪፈላ ነው» ያሉትን አልረሳውም።

ቡና ካልሁ ዘንድ ሌላም ነገር ልጨምር። ዛሬ «የአባቶቻችን ባህል» ብለን የምንከራከርለት የቡና ሥነ ሥርዓት በክርስቲያኑ ዘንድ ረጅም ዕድሜ የለውም። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ ካህናቱ ቡና መጠጣትን ይነቅፉ ነበር፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው በሰፊው የተለመደው። እንግዲህ ከአያቶቻችን አያቶች አንዱ ተነሥተው ዛሬ በድንኳናችን ውስጥ ረከቦት ቀርቦ ቢያዩ፣ እኛ በስልኩ እንደምንቆጣ እርሳቸውም በጀበናው ይቆጡ ነበር ማለት ነው።

መብራትና ፊሽካ ሲመጡ

በእኔ ዕድሜ የሆነው ለውጥ ከሁሉም ይበልጣል። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ትባል የነበረችው ትንሽ መንደር በ1950ዎቹ ሌላ ሆነች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ።

እነዚህ ሦስቱ የኢንዱስትሪ ወሬ ይመስላሉ፤ ለጨዋታ ታሪክ ግን ዋናዎቹ ናቸው። ፋብሪካው ፈረቃን አመጣ። ፈረቃ ያለበት ሰው የሚያርፈው በዓሉ ስለደረሰ ሳይሆን ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። ከአንድ ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፤ አብረው ገና ሊጫወቱ ቀርቶ ሰላምታም በሩጫ ሆነ። ኢንስቲትዩቱና ትምህርት ቤቱ ከየአገሩ ወጣቶች ሰበሰቡ፤ እነርሱም ኳሱን ይዘው መጡ። መብራቱ ደግሞ ሌሊቱን ከፈተው። ድሮ ከእራት በኋላ የሚቀረው እሳት ዳር ተረት ነበር፤ አሁን ከረንቡላ ቤትና ሬዲዮ ያለበት ቡና ቤት መጣ።

ኳስ እንዴት ልባችንን እንደወሰደ ለማወቅ 1954 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ በጣና ዳር ጨርቅ ጠቅጥቆ በገመድ ያልጠቀለለ ልጅ አልነበረም። የገና ሜዳችን የኳስ ሜዳ ሆነ። አባቴ ቆሞ አይቶን «ዱላ የሌለው ገና» ብሎ የሄደው ያን ጊዜ ነው። በልቡ እንደተናደደ አውቃለሁ።

ባሕር ዳርን በልዩ የሚያስጠራት ብስክሌትም ነበር። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ይሄዳል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴና ከምሳ ተርፈን፣ ሳንቲም አዋጥተን፣ አንድ ብስክሌት ለሁለት ተከራይተን በዘንባባው ሥር ስንከንፍ ከዚያ የበለጠ ደስታ ያለ አይመስለንም ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን «ሥራ ፈት ጎማ ይዞራል» ይሉን ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ደግሞ የመዝናኛ ክበብ መጣ፤ ጆተኒ፣ ፒንግ ፖንግና ዳማ። ኪነት ተስፋፋ፤ በጎጃም የጊሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ስሙ ገነነ። ይሁን እንጂ ሰዓት እላፊም ነበረ። በጊዜ ቤት መግባት ግዴታ በሆነበት በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ ያስጠለለው ሬዲዮ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይቀመጥ ነበር። ታሪኩ የጎጃም ታሪክ ስለሆነ የእኛ ሰው የራሱን ዘመድ ወሬ የሚሰማ ይመስል ነበር። ቴሌቪዥን በአገራችን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1977 ዓ.ም. ባለ ቀለም ቢሆንም፣ ወደየቤታችን የገባው ዘግይቶ ነው። እስኪገባ ድረስ አንድ ቴሌቪዥን ለአንድ ሰፈር ነበር።

አሁን ያለው

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያ የቪዲዮ ቤት መጣ፤ ቀጥሎ የእንግሊዝ ክለቦችን ጨዋታ በክፍያ የሚያሳይ ቤት መጣ፤ በመጨረሻ ሁሉም ነገር ኪስ ውስጥ ገባ። የዛሬ ወጣት በቲክቶክ ይስቃል፣ በቴሌግራም ያወራል፣ አርጀንቲና ካለ ሰው ጋር ኳስ ይጫወታል። የሰፈር ሜዳው ተሸንሽኖ ቤት ተሠርቶበታል። ብስክሌቱን ባጃጅ ገፍቶታል። «ለምን ውጪ አትጫወቱም?» ስንላቸው «የት?» ቢሉን መልስ የለንም። ሜዳውን ሲሸጥና ሲሸነሸን ዝም ያልነው እኛ ነን።

ከዚህ ላይ ልዩነቱን ባጭሩ ላስቀምጥ። የአባቶቻችን ጨዋታ በቀን የተወሰነ፣ በእጅ የተሠራ፣ ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ነበር። የልጆቻችን ጨዋታ በማንኛውም ሰዓት የሚገኝ፣ በገንዘብ የሚገዛ፣ ከሩቅ ሰው ጋርም የሚደረግ ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው። ድሮ ከሰፈሩ ሰው ጋር ያልተስማማ ሰው ብቻውን ይቀር ነበር፤ ዛሬ ጓደኛውን ከሌላ አገርም ያገኛል። ድሮ ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ብትወጣ ነውር ነበር፤ ዛሬ ኳስ ትጫወታለች፣ ትሮጣለች፣ ግጥሟን መድረክ ላይ ታነብባለች። በአንጻሩ ደግሞ፣ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚት ተመትቶ አለመቆጣትን የሚያስተምር ጨዋታ ዛሬ አላይም። ጫቱና ውርርዱ የወሰደብን ልጅም ጥቂት አይደለም።

ወጣቱ ሰነፍ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። እምቦጭ ሐይቃችንን በወረረ ጊዜ፣ በ2010 ዓ.ም. ገደማ፣ የዕረፍት ቀናቸውን ሰውተው እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ሲነቅሉ የነበሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው። የተጠራሩትም በዚሁ በምንረግመው ስልክ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጆቹ በሳምንቱ ቆርኪ ሰብስበው ዳማ ጀመሩ። የልጅ ልጄም አንድ ቀን በስልኩ ላይ የተጫነ ቼዝ አሳየኝ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። እኔም ስለ ወረራ ነገርሁት። «አያቴ፣ ተራ ሳይጠብቁ? ታዲያ ማን ያሸንፋል?» አለኝ። ስልኩ ወረራን ስለማይፈቅድ ካርቶን ቆርጠን ሠራን። ሦስት ማታ አከታትሎ አሸነፈኝ፤ እጁ ከእጄ ይፈጥናልና።

በድንኳኑ ውስጥ የሆነው

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን አንዱ እናቱን ቀበረ። እንደ ደንቡ ድንኳን ተክለን አደርን። በአንድ ጥግ እኛ ሽማግሌዎቹ ካርታ ይዘናል፤ ካርታውን የማድለው እኔ ነበርሁ። በሌላው ጥግ ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ። ከእኛ አንዱ ብድግ ብሎ «እናንተ ልጆች፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። አንደኛው ልጅ ቀና ብሎ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «አባባ፣ እናንተስ ካርታ ላይ አይደላችሁ?» አለ።

ሁላችንም ተቆጣን። ጥቂት ቆይቼ ግን ባለ ለቅሶውን አየሁት። በሁለቱ ጥግ መካከል፣ ምሰሶውን ተደግፎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን ተቀምጧል። እኛም ወጣቶቹም ለእርሱ ብለን መጥተን፣ ከእርሱ ጋር ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ካርታውን አስቀመጥሁና አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። የምለውን ግን አጣሁ። በዚህ መካከል ያው መልስ የሰጠው ልጅ መጣና ስልኩን ዘረጋለት። ሟቿ በልጁ እኅት ሠርግ ላይ እስክስታ ሲመቱ የተቀረጸ ነበር። ሰውየው አይቶ አለቀሰ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀ። «ትከሻዋን አያችሁት!» አለ። ሌላው ጠጋ አለ፤ ሌላውም። አንዱ ሽማግሌ እኒያ እናት በልጅነታቸው እንግጫ ነቀላ ሲወጡ እንዴት እንደነበሩ ማውራት ጀመረ። ወጣቶቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ሰሙ። እስከ ንጋት ድረስ ካርታውን ያነሣው የለም።

ምን ይደረግ?

በበኩሌ ቅጣቱን እቃወማለሁ። እንቅጣ ካልን ካርታውንም መቅጣት አለብን፤ የመጀመሪያውም ተቀጪ እኔ ነኝ። ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከመዝገባችን ላይ እንደምታዩት አብዛኛው አባል ዕድሜው ገፍቷል። ድንኳን የሚተክለው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው ማን ነው? እነዚሁ ልጆች ናቸው። በአምስትና በአሥር ብር ቅጣት ካሸሸናቸው እኛን የሚቀብረን ሰው መፈለግ ይኖርብናል።

ቅርባችን ያለ ምሳሌ አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተቋቁሞ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛውን ያሰልፋል። በሌላው አገር ጉግስ ወሬ ሆኖ ሲቀር በእነርሱ ዘንድ ልጁ ከአባቱ ፈረስ ይረከባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጨዋታቸው ማኅበር አለው፤ ቀን አለው፤ ሽማግሌውና ወጣቱ አብረው የሚቆሙበት ሜዳ አለው። እኛ ማኅበሩ አለን። ቀኑንና ሜዳውን ነው የጣልነው።

ስለዚህ ለመጪው ጉባኤ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በድንኳን ውስጥ ሁላችንም በባለ ለቅሶው ዙሪያ እንቀመጥ፤ ጥግ ይዞ መቀመጥ፣ በካርታም ሆነ በስልክ፣ ይቅር። ሁለተኛ፣ ከእድሩ ድስትና አግዳሚ ወንበር ጋር አንድ ገበጣና ሁለት ዳማ ተገዝቶ በዕቃ ቤት ይቀመጥ። ከሣልስት በኋላ ሌሊቱ ሲረዝም ሽማግሌው ከወጣቱ ጋር ይጫወትበታል። ሦስተኛ፣ በመጪው ገና፣ ሰላሙ ከፈቀደልን፣ በአንዱ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይግጠም። ዱላ ቆርጦና ሩር ሠርቶ ማሳየት የሚችሉ አራት አምስት ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ ሳይሞቱ እንጠቀምባቸው። ልጆቹ በስልካቸው ይቅረጹት።

እኔ መሮጥ አልችልም። ነገር ግን ዱላ መቁረጥ እችላለሁና ለአሥር ልጅ የሚሆን ከወዲሁ አዘጋጃለሁ። ቅልጥሙን የተመታ ካለ ደግሞ፣ መቺውን ስም ሳይጠራ እንዲስቅ የአባቴን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ለሁላችንም ጤናና ሰላም ይስጠን፤ ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር።